የአድዋን ጦር ሜዳ በስድስት ሰሌዳ፦ ለአጎቴ ስጦታ ልሠራ ነውና ምክር አዋጡ

ባለሰሌዳው | ኖቲንግሃም | ሰኞ ምሽት

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ይኖራሉ። መጽሐፍ ብልክላቸው ቀድመው አንብበውታል፤ ሸሚዝ ብልክላቸው ለሰው ይሰጡታል። ስለዚህ ዘንድሮ ለየካቲት 23 በእጄ የተሠራ የአድዋ ጦር ሜዳ ይዤላቸው ልሄድ ቆርጫለሁ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሰዎች የሚጫወቱበት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ተራራው፣ ሸለቆውና መንገዱ በትንሹ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ጥቃቅን የብረት ወታደሮች ይሰለፉበታል። ተጫዋቾች በየተራቸው በማስመሪያ እየለኩ ያንቀሳቅሷቸዋል፤ የተኩሱን ውጤት ዳይስ ይወስነዋል። ነገሩ የትናንት አይደለም። የፕሩሲያው ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 (እ.ኤ.አ.) ለንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 3ኛ ያበረከተው፣ መሬቱ እየተነሣ የሚቀያየር የጨዋታ ጠረጴዛ ነበር። ልጁ አሻሽሎ ደንቡን በ1824 ካሳተመው በኋላ የፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን ያሠለጥንበት ጀመር። ሲጀመርም ስጦታ ነበርና ወጉን አላፈረስኩም።

የምኖርባት ኖቲንግሃም ጌምስ ወርክሾፕን ጨምሮ የዚህ ሙያ አምራቾች የተሰበሰቡባት ከተማ ስለሆነች ዕቃ አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ መጠኑና መንገዱ ነው።

ወታደሮቹ 6 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ይሆናሉ። ባለ 28 ሚሊ ሜትሮቹ ያምራሉ፤ የጎፈሬው ዘለላ ሳይቀር ይታያል። ነገር ግን በእነርሱ አድዋን ልሥራ ብል የሚወጣኝ አንድ ኮረብታ ብቻ ነው። እኔ የምፈልገው ሙሉውን ውሎ ነው። ስለዚህ አንዱ ሴንቲ ሜትር 50 ሜትር እንዲወክል ወሰንኩ። 180 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 9 በ6 ኪሎ ሜትር መሬት ይይዝልኛል ማለት ነው፤ ዋናው ፍልሚያ ይገባበታል።

ሰሌዳው ደግሞ እያንዳንዳቸው 60 በ60 በሆኑ ስድስት ቁራጮች ይከፈላል። ይህን ያስወሰነኝ ውበት ሳይሆን የአውሮፕላን ሻንጣ ነው። በብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ23 ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ከ158 ላይ ሁለት ጊዜ 60 ሲነሣ 38 ይቀራል፤ ስድስቱን ቁራጮች በዚያ ከፍታ ውስጥ መደርደር አለብኝ።

ጥያቄዎቼ፦ ተራሮቹን ምን ያህል ላስረዝማቸው? መሬቱ ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ? የትኛውንስ ሰዓት ልሥራ፣ ሌሊቱን ወይስ ረፋዱን?

ሞዴል ሠሪዋ | አዲስ አበባ | ሰኞ ሌሊት

አርክቴክት ነኝ፤ የሕንፃና የመሬት ሞዴል መሥራት እንጀራዬ ነው። ስለ ጦርነቱ ሌሎች ይንገሩህ፤ እኔ ስለ ዕቃው ልናገር።

መጀመሪያ ሒሳቡ። አየር መንገዱ የሚለካው ሰሌዳህን ሳይሆን ካርቶኑን ነው። በየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር መከላከያ ብታደርግ 62 በ62 ይሆናል፤ የሚተርፍህም 34 እንጂ 38 አይደለም። ይበቃሃል፤ ግን ከወዲሁ እወቀው።

ለመሠረቱ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ከላዩ 3 ሴንቲ ሜትር ፎም አድርግ። ፎም ስልህ ቴሌቪዥን የሚታሸግበትን፣ ሲቆረጥ እንደ በረዶ የሚበተነውን ነጩን ማለቴ አይደለም። ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠውን፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለውን ጥቅጥቁን ያዝ። እዚህ እሱን ማግኘት አድካሚ ነው፤ እናንተ ጋ ግን የትም የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለ። 60 በ60 የሆነው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ከሰባት መቶ ግራም ብዙም አያልፍም፤ ፎሙ ደግሞ አራት መቶ ግራም አይሞላም። ስድስቱ ተደምረው ሰባት ኪሎ ገደማ ናቸው። አሸዋና ቀለም ቢጨመርበትም ክብደት አያሰጋህም።

ፎምና ፎምን በነጭ ኮላ ስታጣብቅ መላ ገጹን አትለቅልቀው። ኮላው የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ በሁለት ፎም መካከል የታፈነ ውሃ መውጫ የለውም፤ ሳምንት ቆይተህ ብታነሣው መሐሉ እርጥብ ነው። ነጠብጣብ እያደረግህ ቀባና በስቴኪኒ ወግተህ አያይዘው፤ ስቴኪኒው ውስጡ ይቅር።

በቲነር የሚቀጥን ቀለም አታስጠጋው፤ የሚረጨውንም ቢሆን። ፎሙን ይበላዋል። በፕላስቲክ ቀለም ኮላ ቀላቅለህ ሁለት ጊዜ ቀባው፤ ያ ከደረቀ በኋላ እንደ ቆዳ ይሸፍንልሃል። ከላይ ብቻ ከቀባህ ግን ቀለሙ ሲደርቅ ሰሌዳውን ወደ ላይ ይቆለምመዋል። የኮምፔንሳቶውን ጀርባም ቀባ። ማንም አያየውም ብለህ አትተወው።

ዝም አይነቅዝም | ሲልቨር ስፕሪንግ | ማክሰኞ

ፎሙም ኮላውም ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ጣልያን የሚሆነው ማን ነው?

አጎትህ ምኒልክን እንደሚይዙ የታወቀ ነው። አንተ ከኖቲንግሃም ድረስ ተሸክመህ የሄድከውን ሰሌዳ ዘርግተህ፣ የጣልያኑን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪን ሆነህ፣ በየካቲት 23 ቀን፣ ዘመድ አዝማድ እያየህ ልትሸነፍ ነው? ብታሸንፍስ? ያን ዕለት ምሳ የሚያቀርብልህ ይኖራል?

የሶሎዳ ሥር | መቀሌ | ማክሰኞ

ትውልዴ አድዋ ነው። እባካችሁ አረንጓዴ አታድርጉት። አንዳንድ ሰው ተራራ ሲባል የሚታየው የነሐሴ ልምላሜ ነው። ውጊያው የካቲት ነበር፤ አዝመራው ከተሰበሰበ ቆይቷል። መሬቱ ቀይ ቡናማ፣ ሣሩ የገለባ መልክ ያለው፣ ድንጋዩ ግራጫ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። አረንጓዴ የምትቀባው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ በወንዝ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ፣ ቁልቋሉንና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን ጽድና ወይራ። ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ የሚለየው በዛፉ ነውና ለጨዋታውም ምልክት ይሆንሃል።

ባሕር ዛፍ እንዳትተክል። ዛሬ የምታያቸው ፎቶዎች ሁሉ ባሕር ዛፍ አለባቸው፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው ግን በዚያው በምኒልክ ዘመን፣ ያውም ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? በየዳገቱ የሚታየው ረድፍ ረድፍ የድንጋይ እርከንም አብዛኛው የኋላ ዘመን ሥራ ነው። መንደር ከሠራህ ሁሉንም ቤት የሣር ክዳን ጎጆ አታድርገው፤ ህድሞን አስበው፤ በድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከካርቶን የተቆረጠ ትንሽ ሣጥን ይበቃል፤ ሥራ ይቀንስልሃል።

ተራሮቹን በተመለከተ፦ የእኛ ተራሮች ተዳፋት ሳይሆኑ ቀጥ ብለው የሚነሡ ናቸው። ጥንት የእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የረጋው ዓለት፣ ዙሪያው ተሸርሽሮ ሲያልቅ ብቻውን ቆሞ የቀረ ነው። ከግርጌው ለስለስ ያለ፣ ከወገቡ በላይ ግን ገደል አድርገህ ጥረበው። እንደ ድፎ ዳቦ የተነፋ ተራራ ከሠራህ አጎትህ ባይናገሩህ እኔ እናገርሃለሁ።

ባለሰሌዳው | ማክሰኞ ምሽት

ሞዴል ሠሪዋ፣ የካርቶኑን ሒሳብ መዝግቤያለሁ። አንዱ ቁራጭ መሬቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል 4.5 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ስድስቱ 27 ይሆናሉ፤ በ34 ውስጥ ከነመለያያ ወረቀቱ ይገባል።

የሶሎዳ ሥር፣ ባሕር ዛፉን ልተክል ነበር የመጣሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ከፍታው ግን ልጨቃጨቅ። 1 ሴንቲ ሜትር 50 ሜትር ከሆነ ከግርጌው 500 ሜትር የሚነሣ ተራራ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ያለ ምንም ማጋነን የሚገኝ ቁጥር ነው፤ የአውሮፓ ጦር ሜዳ ሠሪዎች ኮረብታቸው እንዲታይ ከፍታውን እጥፍ ያደርጋሉ፤ አድዋ ይህን አይፈልግም። ችግሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራራ የተተከለበት ሰሌዳ ከሌላው ጋር አይደረደርም። ስለዚህ ተራሮቹ ተነቃይ ይሆናሉ፤ በሌላ ሻንጣ፣ በልብስ መካከል ይሄዳሉ።

ዝም አይነቅዝም፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የዘማች የልጅ ልጅ | ደሴ | ረቡዕ

ይቅርታ አድርጉልኝና የሁላችሁም ወሬ አልጣመኝም። ቅድመ አያቴ እዚያ ወድቀው የቀሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን በሺህ የሚቆጠር የአገራችን ሰው አልቋል። ፊታውራሪ ገበየሁን የሚያህል ጀግና የወደቀበትን ሜዳ ዳይስ እየጣላችሁ «አሁን የእኔ ተራ ነው» የምትባባሉበት ነገር አድርጋችሁ ለሽማግሌ ስጦታ ማቅረብ ምን ዓይነት ወግ ነው? ሐውልት ሥራ፣ ሥዕል አሠራ፤ ማንም አይቃወምህም። ባለፈው ጊዜ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የተከፈተውን የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አይቼ አልቅሻለሁ። ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ጣልያን እንዲያሸንፍ ዕድል የሚሰጥ የአድዋ ሰሌዳ አልቀበልም።

ጡረተኛው | አዲስ አበባ | ረቡዕ

ልጄ የዘማች የልጅ ልጅ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ አልነቅፍህም። እኔ መኮንን ነበርኩ። ከዘመቻ በፊት መሬት ላይ አሸዋ ቆልለን፣ ኮረብታውን በእጃችን አበጅተን፣ ወንዙን በገመድ አስምረን፣ በዚያ ዙሪያ ቆመን ትእዛዝ እንቀበል ነበር። «ጠላት በዚህ ቢመጣስ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነበር፤ ጠላት ማሸነፍ አይችልም ብሎ የሚነሣ አዛዥ ወታደሩን ያስፈጃል። ራስ አሉላ ጣልያንን ሲንቁት አልታዩም፤ ሲጠባበቁት ነበር የኖሩት። ጠላት ሊያሸንፍ ይችል እንደነበር ካልታየ ያሸነፉት ሰዎች ምን እንዳደረጉ አይታይም።

ወደ ባለሰሌዳው ልመለስ። ልጄ፣ ያንተ ሐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ እሱም ፎም ላይ አይደለም።

ባራቲዬሪ የካቲት 22 ምሽት ከሰፈረበት ከሳውርያ ሲነሣ ለብርጌድ አዛዦቹ የሰጣቸው ንድፍ ካርታ ነበር። በግራ አልቤርቶኒ፣ በመካከል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ፤ ከመካከሉ ኋላ ኤሌና በተጠባባቂነት። አልቤርቶኒ እንዲይዝ የታዘዘው ኪዳነ ምሕረት የሚባል ኮረብታ ነው። ንድፉ ላይ ስሙ የተጻፈበት ኮረብታ ግን ሌላ ነበር። ሰውየው ሌሊት እዚያ ደርሶ ቆመ፤ መንገድ መሪው እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው ሲለው ተነሥቶ ገሠገሠ። ሲነጋ ከጓደኞቹ ብዙ ርቆ፣ ብቻውን፣ በምኒልክ ጦር ፊት ተገኘ። ዳቦርሚዳ እርሱን ደግፍ ተብሎ ሲላክ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ፤ በመካከላቸው የተከፈተውን ክፍተት የእኛ ሰዎች ሞሉት። ከዚያ በኋላ አንድ ጦር ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ጦሮች ነበሩ፤ ተራ በተራ አለቁ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኒ ተማረከ፣ 56ቱም መድፍ ቀረ።

እንግዲህ ያንተን ሰሌዳ ተመልከተው። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፤ የትኛው ተራራ የት እንዳለ፣ በስተጀርባው ምን እንዳለ ያውቃል። እንኳን ባራቲዬሪ፣ ምኒልክም እንዲህ አላዩም። ጣልያን የሆነው ሰው ንድፉ የተሳሳተ መሆኑን እያወቀ ከተጫወተ ብርጌዶቹን አንድ ላይ ይዞ ይቆማል። ያ ሌላ ውጊያ ነው።

የዘማች የልጅ ልጅ | ረቡዕ ምሽት

ጋሼ፣ የአሸዋውን ነገር ሲነግሩኝ ዝም አልኩ። ጨዋታ የሚለው ቃል አሁንም ያንቀኛል። ግን ስለ ካርታው የተናገሩትን እስከ ዛሬ እንዲህ ለይቼ አላውቀውም ነበር፤ በትምህርት ቤት የተማርነው «ጀግኖቻችን ድል አደረጉ» የሚለውን ነው። እስቲ ቀጥሉ፤ እሰማለሁ።

ባለሰሌዳው | ሐሙስ

ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ እርስዎ በተናገሩት ላይ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። አሁን እንዲህ ይታየኛል።

ሰሌዳው ላይ አንድም ስም አይጻፍም። ከትልቁ ተራራ ከሰማያታ በስተቀር ሌሎቹ ኮረብቶች ከሩቅ እንዳይለዩ አንድ ዓይነት አድርጌ እቀርጻቸዋለሁ። ጣልያን የሚሆነው ተጫዋች እጅ የሚገባው በእጅ የተሣለ ንድፍ ካርታ ብቻ ነው፤ እሱም ባራቲዬሪ የሠራው ዓይነት ጉድለት ይኖረዋል። እውነተኛውን ካርታ የሚይዘው ዳኛው ነው። አልቤርቶኒ «ኪዳነ ምሕረት» ደረሰ ሲባል ዳኛው ዳይስ ጥሎ መንገድ መሪው ምን እንዳለ ይነግረዋል፤ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለው የተጫዋቹ ምርጫ ነው። ስሕተቱ በየጨዋታው አንድ ቦታ እንዳይሆን ከአንድ በላይ ንድፍ አዘጋጃለሁ፤ የትኛው ንድፍ የት ላይ እንደሚዋሽ ዳኛው ብቻ ያውቃል።

የፕሩሲያዎቹም ጨዋታ በዳኛ የሚመራ ነበር። እና ዳኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዕድሜ ልካቸውን ጥያቄ እያወጡ፣ መልስ እያረሙ የኖሩ ሰው ቤት ነው የምሄደው። አጎቴ ምኒልክን አይዙም፤ ዳኛ ናቸው። ምኒልክንና ባራቲዬሪን የአክስቴ ልጆች ዕጣ ይጣጣሉበት።

ዝም አይነቅዝም | ሐሙስ

ከጉዳዩ በዘዴ ወጣህ። የአክስትህ ልጆች ይህን ክር እንደማያነቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁጥር ወዳጅ | ስቶክሆልም | ሐሙስ

ወታደሩን ስንት ልትገዛ ነው? ልቁጠርልህ። የጣልያን ወገን 17,700 ያህል ነበር። አንዱ ማቆሚያ (ጥቃቅኖቹ ወታደሮች ተጣብቀው አብረው የሚንቀሳቀሱበት ቁራጭ) 500 ሰው ቢወክል 35 ማቆሚያ ይሆናል፤ ለአራት ብርጌድ ሲከፋፈል ደህና ነው። 56ቱ መድፍ በአራት በአራት ቢወከሉ 14 ናቸው። የእኛ ወገን ወደ 100,000 ይገመታል፤ በዚያው መጠን 200 ማቆሚያ ማለት ነው። ቀለም ቀብተህ አትጨርሰውም፤ ብትጨርስም ሰሌዳው ላይ አያሠራም።

ስለዚህ ለእኛ ወገን አንዱ ማቆሚያ 1,000 ሰው ይወክል፤ ስፋቱ ከጣልያኑ ጋር እኩል፣ ጥልቀቱ ግን እጥፍ ይሁን። መቶ ማቆሚያ ይበቃል። የጣልያኖቹ ማቆሚያ ትናንሽ መሆኑም ትክክል ነው፤ እነርሱ በሻለቃ እየተከፈሉ ነው የተዋጉት። የእኛዎቹን ግን በየራሱ ለያቸው፤ የራስ መኰንን፣ የራስ ሚካኤል፣ የራስ መንገሻ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር እያንዳንዱ በራሱ አዛዥ የሚንቀሳቀስ ነውና የምኒልክ ተጫዋች ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ማንቀሳቀስ አይችልም። የእቴጌ ጣይቱንም ሰፈር እንዳትረሳ። ለተዋጊው ውሃ የሚያመላልሱት ሴቶች አንድ ማቆሚያ ይገባቸዋል፤ አጠገባቸው ያለ ጦር ቶሎ አይደክምም የሚል ደንብ ብታወጣ ጌጥ ብቻ አይሆኑም።

ፈረሰኛው | አዳማ | ዓርብ

ሌሊቱን የምትጫወቱበት መንገድ እኮ ከአገራችን ጨዋታ ውስጥ አለ። የድሮው ሰንጠረዥ፣ የአገራችን ቼዝ፣ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ እንደ ፈለጉ፣ እንደ ቻሉት ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እያየ ይቀያይራል፤ ከተበላላ በኋላ ግን ተራ በተራ ነው። ከየካቲት 22 ምሽት እስከ ማለዳው የመጀመሪያ ተኩስ ያለውን ጉዞ በወረራ አድርጉት። ዳኛው ሰዓት ይያዝ፤ ጣልያኖቹ በዚያ ሰዓት ውስጥ ንድፋቸውን እያዩ በችኮላ ይንቀሳቀሱ። በጨለማ መሳሳት ምን እንደሚመስል ያኔ ይገባቸዋል።

ጡረተኛው | ዓርብ

ፈረሰኛው ጥሩ አለ። አባቴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ በወረራው ጊዜ እጃቸውን ማየት ያደክም ነበር። ይህን ደንብ አስገባው፤ አጎትህም ይወዱታል።

ከሰዓቱ ምርጫ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊው መኮንን ዊልያም ሳይበርን ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ጦር ሜዳ ሞዴል ሊሠራ ስምንት ወር እዚያው ላ ኤ ሴንት እርሻ ቤት ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ በ1838 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ አሳየው፤ ዛሬ ለንደን በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። የመረጠው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ያለውን ነበር። በዚያ ሰዓት አጋሮቹ ፕሩሲያዎችም ሜዳው ላይ ነበሩና፣ ድሉን የሚያጋራበት መስሎት የእንግሊዞቹ አዛዥ የዌሊንግተን መስፍን ደስ አላለውም። ቆሞ የሚታይ ሞዴል አንድ ሰዓት ይመርጣል፤ የመረጠው ሰዓትም ወገን ይይዛል። አንተ ግን የምትሠራው የሚንቀሳቀስ ነው፤ ሰዓት አትምረጥ። ወታደሩን ሰሌዳው ላይ አታጣብቅ፣ የተሰበረ መድፍ፣ የሞተ ፈረስ እያልክ አታስጊጠው። መሬቱን ብቻ ሥራ።

የሶሎዳ ሥር | ዓርብ

በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልመና ግን አለኝ፦ ከአድዋ አፈር ልላክልህ?

ባለሰሌዳው | ቅዳሜ

ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን እዚህ አገር ከውጭ አፈር ማስገባት በእፅዋት ጤና ሕግ የተከለከለ ነው። ለአዲስ አበባ ላክልኝ። ከስድስቱ ቁራጮች የአንዱን ጥግ ሳልጨርስ እወስደዋለሁ፤ አፈሩን በወንፊት ነፍተን፣ ምድጃ ላይ አምሰን፣ በኮላ እናጣብቀዋለን። የማርያም ሸዊቶ ጥግ ቢሆን ይሻላል፤ ወንዙ ዳር ስለሆነ የቀለም ልዩነቱ አይታወቅም።

ሥራው የደረሰበትን ልንገራችሁ። ስድስቱም ቁራጮች ተቆርጠዋል። ቁራጭ ከቁራጭ ሲገጥም መንገዱና ወንዙ እንዳይሰበር ሁሉንም አንድ ላይ ዘርግቼ በእርሳስ አስምሬ ነው የቀረጽኩት። ሸለቆውን የቆረጥኩት በጋለ ሽቦ ነው፤ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ በኖቲንግሃም ብርድ። ተራሮቹን ደግሞ የፎም ድርብርብ አድርጌ፣ ገደሉን በቢላዋ ሳይሆን በእጄ ቆርሼ አወጣሁት፤ ፎም ሲቆረስ የሚሰጠው ሻካራ ገጽ ከቢላዋው ይልቅ ለዓለት ይቀርባል። ከላይ ጀሶ የነካ ፋሻ አለበስኩት፤ የተሰበረ እጅ እንደሚታሰርበት ያለው።

ሣሩ ላይ ነው አሁን የቆምኩት። የሚሸጠው ሁሉ የእንግሊዝ ሜዳ መልክ ያለው ነው፤ የገለባ ቀለም ያለው ቢገኝም ዋጋው አያስጠጋም።

ሞዴል ሠሪዋ | ቅዳሜ

ለምን ትገዛለህ? ሰጋቱራ የለም እንዴ እዚያ አገር? ከአናጢ ለምነህ አምጣ፤ በወንፊት ንፋው፤ የደቀቀውን ለሣር፣ ሻካራውን ለቁጥቋጦ ለይ። ፕላስቲክ ቀለም በውሃ አቅጥነህ ንከርበት፣ ጨምቀህ ጋዜጣ ላይ አስጣው። ሦስት ዓይነት አድርገው፦ ገለባ፣ ገለባ ከቡናማ፣ ትንሽ ደግሞ የደረቀ አረንጓዴ። አንድ ቀለም ብቻ ካደረግኸው ምንጣፍ ይመስላል።

የመሬቱን ቀለም ከጥቁሩ ጀምር። መጀመሪያ ጥቁር ቀይ ቡናማ በሙሉ፤ ሲደርቅ ነጣ ያለውን ቡናማ፣ ብሩሹን በጨርቅ ጠርገህ ደረቅ እስኪል ድረስ፣ ከላይ ከላይ ብቻ አስነካው። ጉብታው ይበራል፣ ጉድጓዱ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ የአቧራ ቀለም፤ እሱንም ለመንገዱና ለተራራው ጫፍ።

ተነቃዮቹ ተራሮች እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው ሁለት ሁለት የእንጨት ችንካር አድርግ፤ ሰሌዳው ላይ ቀዳዳውን ፎሙን አሳልፈህ እስከ ኮምፔንሳቶው አድርሰው። የሁሉንም ተራራ ቀዳዳ በአንድ ርቀት አድርገው። ያኔ ተራራ ከተራራ ይቀያየራል፤ ዳኛው ንድፉን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም በየጨዋታው ሊቀይር ይችላል።

ባለሰሌዳው | እሑድ

የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉ በለጠብኝ። ችንካሮቹን በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት አደርጋቸዋለሁ፤ ሰማያታ ብቻ በ8፤ እርሱ እንዲንቀሳቀስ አልፈልግም።

የዘማች የልጅ ልጅ | እሑድ

ደንቡን በአማርኛ ትጽፈዋለህ ወይስ ያው በእንግሊዝኛ ነው?

ባለሰሌዳው | እሑድ

በአማርኛ፤ ከሁለት ገጽ እንዳያልፍ እየታገልኩ ነው። ሲያልቅ እዚሁ አወጣዋለሁ። ቅድሚያ አንብበህ ቅር የሚያሰኝህን ቦታ ብታመለክተኝ ደስ ይለኛል።

የዘማች የልጅ ልጅ | እሑድ

ላከው። የፊታውራሪ ገበየሁን ጦር ደካማ አድርገህ ከጻፍክ ግን እንጣላለን።

አዲስ ገቢ | ሪያድ | ሰኞ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ትንሽ ሰሌዳ ልሞክር ነው፤ ሰጋቱራ የማገኝበት የለም። የደረቀ የቡና አተላ አፈር ይሆናል የሚል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ሞዴል ሠሪዋ | ሰኞ

ይሆናል፤ ቀለሙም ለደጋ አፈር ይስማማል። ግን የጀበና አተላ እርጥበት ከቀረው በሳምንት ይሻግታል። ትሪ ላይ በስሱ ዘርግተህ ምድጃ ውስጥ አድርቀው፤ በጣትህ ስታሸው ዱቄት ካልሆነ አልደረቀም። ካጣበቅህ በኋላ ደግሞ በውሃ የቀጠነ ኮላ ከላይ እርጭበት፤ ካልሆነ በየጨዋታው እጅጌህ ላይ ይራገፋል።